ያልተዘጋው ስም

ጋሽ ቢራቱ በሦስት ቁጥር ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋቸው ላይ ተጋድመዋል። ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ተስቦላቸዋል። አንደኛው እግራቸው ካልሲ አለው፤ ሌላኛው ባዶውን ከጋቢው ሥር ወጥቷል።

አስረሳሽ በሩ ላይ ቆማ ያንን ባዶ እግር ታያለች። ፊታቸውን ለማየት አቅም አጥታለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ እኒሁ ሰው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቢሮዋ በር ላይ ቆመው፣ «ኢንጂነር፣ ዛሬስ ማሽኑ አስለቀሰሽ ወይስ አንቺ አስለቀስሽው?» ብለው ስቀውባት ነበር።

አስረሳሽ እንግዲህ ኢንጂነር አይደለችም። ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ አንድ የአማኞች ኅብረት በሚያስተዳድረው የአረጋውያን ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ ሆና የሠራች የሃምሳ ዓመት ሴት ናት። ባለፈው ዓመት ቤቱ የነዋሪዎቹን የሕክምና ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲያዞር «ማን ይማር?» ተባለ። ወጣቶቹ እየለቀቁ ይሄዳሉ፣ እሷ ግን የትም አትሄድም ተባለና እሷ ተመረጠች። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ ሲግናል ሰፈር ወዳለ ማሠልጠኛ ወርዳ፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ አሥራ ስድስት ወጣቶች መካከል ቁጭ ብላ ካርዱ ሁሉ የሚቀመጥበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን ማስተዳደር ትማራለች። ማን ገብቶ ምን ማየት እንደሚችል፣ ማን ምን መለወጥ እንደሚችል፣ ለማን ስም እንደሚከፈት፣ የማን ስም እንደሚዘጋ።

የማን ስም እንደሚዘጋ። አሁን በሩ ላይ ያደነዘዘቻት ይህችው ነገር ናት።

ከአልጋው ማዶ ኢንስፔክተር ጉደታ ጎንበስ ብሎ የሟቹን ክንድ ያያል። ረጅም፣ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ከፖሊስ ጃኬቱ ሥር ወፍራም ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። የነሐሴ ጉም ጫማው ድረስ አርሶታል።

«የደወለልን የአምቡላንሱ ባለሙያ ነው» አለ ቀና ብሎ። «ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ፔኒሲሊን ተወግቶ ሞተ ይላል። እዚህ ቤት ይህን የማያውቅ ሰው ነበር?»

«እኔ ዕውሩ እንኳ አውቃለሁ» አሉ ከሌላኛው አልጋ አባባ ሰሎሞን። የክፍል ጓደኛቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመቱ ነው። «ራሱ ነው የነገረኝ። አውቶቡስ ይነዳ በነበረበት ጊዜ አንድ ክሊኒክ ወግተውት ሊሞት ነበር።»

«ካርዱ ላይ ግን የለም» አለች ሲስተር ፊልሞና። የነርሶቹ ኃላፊ ናት፤ ነጭ ጋውኗ ላይ አንዲት እጥፋት የለችም። «እኛ የምንሠራው ከካርዱ ነው፣ ኢንስፔክተር። ‹የማይስማማው መድኃኒት› የሚለው ቀይ መስመር ባዶ ነው። የማሽኑ ኃላፊ ደግሞ እህት አስረሳሽ ናት።»

ሁሉም ዞሮ አያት።

---

ቢሮዋ ውስጥ ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

«እኔ የዚህን ነገር ሀሁ አላውቅም። ስልኬን እንኳ የምታስተካክልልኝ የልጅ ልጄ ናት። እንደ ልጅ ያስረዱኝ።»

«ቤቱን እንደ ግቢ ያስቡት» አለች አስረሳሽ። «እያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ ቁልፍ አለው። አንዳንዱ ቁልፍ ማንበብ ብቻ ያስችላል፤ አንዳንዱ መጻፍም ያስችላል። ቀዩን መስመር መንካት የሚችለው የነርሶች ኃላፊ ቁልፍ ብቻ ነው። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው በር ገባ የሚለውን ደግሞ ሰርቨሩ እንደ ዘበኛ ደብተር ይመዘግባል።»

«እስቲ ደብተሩን ያሳዩኝ።»

ከመክፈቷ በፊት ምን እንደምታይ ታውቅ ነበር። ቢሆንም ስታየው ክው አለች።

«ዘርትሁን» ብላ አነበበች። «የገባችው ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ። ቀዩ መስመር የተሰረዘው አራት ከሃያ። የወጣችው አራት ከሃያ አንድ። ከነርሶች ክፍል ማሽን።»

«ዘርትሁን የት ናት? ትጠራልኝ።»

«ታኅሣሥ ላይ ነው የቀበርናት።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይንጫጫል። ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የትምህርት ቤት ደብተር ሳብ አድርጎ ገለጠው። በእርሳስ የተሰመረ ሠንጠረዥ ነው፤ የሠራተኞቹ ስምና «የሚደረግ» የሚል ዓምድ። ከዘርትሁን ስም ትይዩ «ነገ» ይላል። «ነገ»ው ተሰርዞ እንደገና «ነገ»። ሰባት ጊዜ።

«ይህስ?»

«እሷ ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የሠራች የነርሶች ኃላፊ ነበረች። መምህራችን ‹የለቀቀ ወይም የሞተ ሰው ስም አንድ ቀን ተከፍቶ አይደር› ብሎናል። መጥቼ ስሟን ነካሁት፤ ፎቶዋ አብሮ ወጣ፤ እየሳቀች። ማሽኑ ‹ልሰርዝ?› አለኝ።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ስትሞት በእጄ አጥቤ የገነዝኳት ሴት ናት። እንዴት አድርጌ ልሰርዛት? ነገ አልኩ።»

«ቁልፏን፣ የምሥጢር ቃሏን የሚያውቀው ማን ነው?»

«የማያውቀው ማን አለ? የምትወደው መዝሙር ነው፣ ከነቁጥሩ። ከሞተች በኋላ የኃላፊነቱን ቁልፍ ለሲስተር ፊልሞና በራሷ ስም መስጠት ነበረብኝ። አሰጣጡ አልገባኝም ነበር። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔ እጄን ማውጣት አፈርኩ። ስለዚህ ቀይ መስመር የሚጻፍለት አዲስ ነዋሪ በመጣ ቁጥር ‹በዘርትሁን ስም ግቢ› መባባል ለመድን።»

«እንግዲያው ጋሽ ቢራቱን ማን ገደላቸው ይላሉ?»

«እኔ» አለች አስረሳሽ። «በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተር ጉደታ ለጥቂት ጊዜ አያት። የልጅ ልጅ ያለው ሰው አስተያየት ነበር።

«በአራት ከሃያ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የቤት ሥራ እየሠራሁ፤ ለሙከራ ስም መክፈት። የመምህሩን ቅጂ በማዳመጫ እየሰማሁ ስለነበር ጩኸቱን እንኳ አልሰማሁም።»

«ደብተሩን የሚያነቡልኝ እርስዎ ነዎት፤ የምጠረጥረውም እርስዎን ነው። ይህ አይሆንም። መምህርዎ ይምጣ። እስከዚያ ከአጠገቤ አይራቁ።»

ጥበቃ ይሁን ርኅራኄ አልለየችውም። ተነስታ ተከተለችው።

---

ማርቲ በነርሶች ክፍል ጥግ፣ እጆቿን ጉልበቶቿ መካከል ከታ ተቀምጣለች። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ከመሪ ኮንዶሚኒየም በየማለዳው ሁለት ታክሲ ይዛ የምትመጣ፣ ከተቀጠረች ገና ሁለት ወሯ። ከጀርባዋ ኮምፒውተሩ አለ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ሊነካካ ምንም ያልቀረው ደግሞ የተቆለፈ የመድኃኒት ቁም ሳጥን ነው።

«መርፌውን የወጋሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ትኩሳት ነበራቸው፣ ደረታቸውም ይጮህ ነበር። ሲስተር አዘዘች። ሐኪሙ ሰኞ ሰኞ ነው የሚመጣው፤ በሌላው ቀን እሷ ናት የምታዘው።»

«የወጋሽበት ሰዓት?»

ማርቲ ወረቀቱን አሳየችው። በራሷ ጽሕፈት «4፡45» ይላል። «በኮሪደሩ ሰዓት ነው የጻፍኩት። ከአልጋቸው ጋር ሆኜ ይታየኛል። ስልክ ይዘን ነዋሪዎች ክፍል መግባት ክልክል ነው።»

«ካርዱን አይተሻል?»

«አይቻለሁ» አለች ፈጠን ብላ።

«መቼ?»

«በፊት። ከመውጋቴ በፊት። ቀይ ነገር አልነበረበትም፤ በእግዚአብሔር ስም!»

«ቀስ በይ፣ ልጄ። የእግዚአብሔርን ስም እኔ አልጠየቅኩሽም።»

ማርቲ ወደ አስረሳሽ ቀና ብላ አየች፤ ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። አስረሳሽም ሰበረች። ሁለቱም አንዷ የሌላዋን ፊት መሸከም አቃታቸው።

ሲስተር ፊልሞና ግን ቀጥ ብላ ነው የመለሰችው። «ማዘዝ የእኔ ነው፤ ካርድ ማየት የምትወጋው ነርስ ሥራ ነው። ማርቲም አይታለች። ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ኢንስፔክተር። ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በሙሉ በጭንቅላቴ ነው የምይዛቸው።»

«የጋሽ ቢራቱንስ ይዘውት ነበር?»

«እኔ ስመጣ እሳቸው እዚህ ነበሩ። የተቀበለቻቸው ዘርትሁን ናት።»

«እሺ። ሕመሙ ሲነሳባቸው?»

«ማርቲ ጮኸች፤ ደረስኩ። ደረታቸውን እንድትጫን ነገርኳትና ማንቂያውን መርፌ፣ አድሬናሊኑን ላመጣ ሮጥኩ። አመጣሁ፤ ወጋሁ። ጊዜው አልፎ ነበር።» አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ነካ አደረገች። «ወዲያው አምቡላንስ ጠራሁ።»

«በየትኛው ስልክ?»

«በራሴው። ይኸው።» ሳትጠራጠር ከፍታ ሰጠችው። ኢንስፔክተሩ ተመለከተ፤ ትንሿ ማስታወሻው ላይ አንድ ቁጥር ጻፈና መለሰላት። ከኪሱ ደግሞ የአምቡላንሱን ወረቀት አውጥቶ አየ። አስረሳሽ ከጎኑ ስለነበረች እሷም አነበበችው፤ «ቦታው ላይ የደረስንበት፣ 4፡50» ይላል።

ኮሪደሩ ላይ ደወል ተደወለ። የምግብ ቤቱ በር ተከፈተና አረጋውያኑ በምርኩዝና በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ምሳ ማዝገም ጀመሩ።

«ምሳ ስንት ሰዓት ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ስድስት ተኩል» አለች አስረሳሽ። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ ሰዓትም ስድስት ተኩል ይላል።

ስልኩን አውጥቶ አየ፤ ግድግዳውን አየ። «ረኃብ ቶሎ የሚመጣበት ቤት ነው» አለ ለራሱ። አስረሳሽ ለቀልድ የሚሆን ልብ አልነበራትም። ኢንስፔክተሩ ከነርሶች ክፍል በር ተነስቶ እስከ ሦስት ቁጥር እየቆጠረ ሄደ። አሥራ አራት እርምጃ።

---

አባባ ሰሎሞን ምሳ እምቢ ብለው አልጋቸው ላይ ነበሩ። የጓደኛቸው አስከሬን ለምርመራ ተወስዷል፤ አልጋው ባዶ ነው።

«አባባ፣ ዓይንዎ ያላየውን ጆሮዎ ምን አየ?»

«ይሄ ደህና ጥያቄ ነው» አሉ ሽማግሌው። «መጀመሪያ ፊልሞና በበሩ አለፈች። ሳትቆም ‹ፔኒሲሊን ውጊያቸው› አለች። ልጅቷ እሺ አለች፤ መርፌውንም በቦርሳዋ ይዛው ነበር፤ ወጋችው። እሱ በትኩሳቱ ደንዝዞ የተባለውን አልሰማም። እኔ ‹ይሄ ለቢራቱ የማይስማማው አይደለም ወይ?› ልላት አሰብኩ። አሰብኩና ተውኩት። ሲስተር ታውቃለች ብዬ። ይኸውልህ፤ እኔም አለሁበት።»

«ከዚያስ?»

«ማፈን ጀመረው። ልጅቷ ጮኸች። ፊልሞና መጣች፣ ‹ደረቱን ተጫኚ፣ መድኃኒት ላምጣ› ብላ ወጣች። ልጅቷ ጮክ ብላ እየቆጠረች ትጫናለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድም ጊዜ አላቋረጠችም፤ ምስክር ነኝ። እኔ መጸለይ እንጂ ሌላ ምን አቅም አለኝ? ‹እግዚአብሔር እረኛዬ ነው›ን ጀመርኩ። አራት ጊዜ ደግሜ ጨረስኩ፣ ከዚያ ነው ፊልሞና የተመለሰችው።»

«እስቲ አሁን አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ። ያን ጊዜ በደገሙት ፍጥነት።»

አባባ ሰሎሞን ዓይናቸውን ጨፍነው መዝሙሩን አነበነቡ። ኢንስፔክተሩ ስልኩን እያየ አዳመጠ። ሲጨርሱ «አሜን» አለና ጻፈ፤ አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ።

---

መምህሩ ጌድዮን ከሲግናል በኮንትራት ታክሲ መጣ። ሠላሳ ያልሞላው፣ ቦርሳ በጀርባው ያነገበ ወጣት ነው። በአራት ከሃያ ሌላ ክፍል ሲያስተምር እንደነበር ሃያ ሰው ይመሰክርለታል። ኢንስፔክተሩ አስረሳሽ ያለችውን አንድም ቃል ሳይነግረው መዝገቡን እንዲያነብ አደረገው። እሷ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ተከሳሽ ጠበቀች።

ጌድዮን ሲወጣ ከአጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ አስረሳሽ፣ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ምኑን?»

«መሰረዝ እኮ አልነበረብዎትም። መዝጋት ይቻላል። ስሙም ፎቶውም ይቀመጣል፤ በሩ ብቻ ይቆለፋል። ከስሙ ጎን ያለችውን ምልክት ማንሳት ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አስተምሬዋለሁ።»

አስረሳሽ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ስምንት ወር ሙሉ ጓደኛዬን ልግደላት ወይስ ልተዋት እያለች ስትጨነቅ ሦስተኛ መንገድ ነበረ። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በአማርኛ ተነግሮ።

«ሰምቼው ይሆናል፣ ልጄ» አለች። «የሰማሁትን ግን አላወቅኩትም።»

---

በዘጠኝ ሰዓት ኢንስፔክተር ጉደታ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበ። አባባ ሰሎሞን በተሽከርካሪ ወንበር፣ ማርቲ ከጎናቸው፣ ጌድዮን መስኮቱ ጋ፣ ሲስተር ፊልሞና እጆቿን አጣጥፋ ከፊት። አስረሳሽ ለመቀመጥ አልደፈረችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በተከፈተው በር ትልቁ ሰዓት ይታያል።

«ስመጣ የነገራችሁኝ ቀላል ታሪክ ነው» አለ። «በአራት ከሃያ አንድ ሰው በሟች ስም ገብቶ ቀዩን መስመር ሰረዘ። በአራት ከአርባ አምስት ነርሷ ባዶውን ካርድ አምና ወጋች። ሰውየው ሞተ። ስለዚህ የሰረዘው ገደለ፤ በሩን ክፍት የተወችውም አብራ ገደለች። ትክክል?»

ሲስተር ፊልሞና ራሷን ነቀነቀች።

«የከነከነኝ አምቡላንሱ ነው። በአራት ከሃምሳ ደርሷል። በአራት ከአርባ አምስት የተወጋ ሰው፣ ሕመም ተነስቶበት፣ ተጮኾለት፣ ተደውሎለት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምቡላንስ እንጦጦን ወጥቶ ደረሰለት? እኔ ከሲግናል ተነስቼ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጅቶብኛል፤ ያውም በፖሊስ መኪና።» ስልኩን አውጥቶ ከፍ አደረገ። «አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ግድግዳችሁ ላይ ያለው ስንት ይላል?»

ሁሉም ዞረው አዩ። ዘጠኝ ተኩል።

አስረሳሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የጸሎት ሰዓት» አለች። «ወደፊት የተደረገ ነው! ሰው ለጠዋት ጸሎት እንዳያረፍድ ተብሎ ግማሽ ሰዓት… ሁላችንም እናውቃለን እኮ!»

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ማንም አያስታውሰውም። ምሳችሁም በእሱ፣ መኝታችሁም በእሱ፣ መርፌያችሁም በእሱ። ሰርቨሩ ግን ለጸሎት አያረፍድምና ትክክለኛውን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ነው መምህሩ ያለኝ።»

«ከኢንተርኔት ነው የሚያስተካክለው» አለ ጌድዮን።

«እንግዲህ ማርቲ የጻፈችው አራት ከአርባ አምስት፣ እውነተኛው አራት ሰዓት ከሩብ ነው። ሲስተር ለአምቡላንስ የደወሉት ደግሞ፣ ስልክዎ አይዋሽም፣ አራት ከሃያ አምስት። ሰው ከመወጋቱ ሃያ ደቂቃ አስቀድሞ አምቡላንስ አይጠራለትም።» ወደ ማርቲ ዞረ። «ቀዩ መስመር የተሰረዘው ከመርፌው በኋላ ነው። ጋሽ ቢራቱ ሲወጉ ካርዳቸው ደህና ነበር። ቀዩ እንደ ፍም እያበራ ነበር። ያየው ሰው ግን አልነበረም።»

ማርቲ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ሰርቨሩ ካርድ የተከፈተበትንም ይጽፋል። ዛሬ የእኚህ ሰው ካርድ የተከፈተው ሁለት ጊዜ ነው። አራት ከአሥራ ዘጠኝ ላይ በዘርትሁን ስም፤ አራት ከሠላሳ አንድ ላይ በማርቲ ስም። ልጄ?»

«አላየሁትም ነበር» አለች ማርቲ። «ሲስተር ካዘዘች ብዬ… ሳላይ ወጋሁ። ከሞቱ በኋላ ሮጬ ሄጄ ከፈትኩት። ባዶ ነበር። እግዚአብሔር አዳነኝ ብዬ አመሰገንኩ። አመሰገንኩ እኮ! ከዚያ ‹በፊት ነው ያየሁት› አልኩ።»

አባባ ሰሎሞን በዳበሳ እጇን አግኝተው ያዙት።

«ማርቲ አልሰረዘችም» ቀጠለ ኢንስፔክተሩ። «አራት ከሃያ ላይ ደረታቸው ላይ ሆና ጮክ ብላ እየቆጠረች ነበር። ወይዘሮ አስረሳሽም አልሰረዙም፤ በዚያችው ደቂቃ ከቢሯቸው ማሽን ላይ የቤት ሥራቸውን ይጽፉ ነበር፤ አንዱ ስም በአንዱ ላይ እየተከታተለ ተመዝግቧል። መምህሩ ሲግናል። ዛሬ ጠዋት ሌላ ነርስ ሥራ ላይ አልነበረም። ከነርሶች ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል።»

ወደ ሲስተር ፊልሞና ዞረ።

«አሥራ አራት እርምጃ ነው፣ ሲስተር። መድኃኒቱ ከማሽኑ አንድ ክንድ አይርቅም። ቁልፉ አንገትዎ ላይ ነው። አባባ ሰሎሞን ግን አራት መዝሙር ጠበቁዎት፤ ከአራት ደቂቃ በላይ። ከዚያ ውስጥ ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ አንድ ያለውን ሰርቨሩ ነግሮኛል። ምን ያደርጉ ነበር?»

የምግብ ቤቱ ጣሪያ ያንጠባጥባል።

«ሠላሳ ዓመት» አለች ፊልሞና። «በሠላሳ ዓመት አንድም ሰው በእኔ ስሕተት አልሞተም። ሳያቸው ወዲያው ገባኝ። ቁም ሳጥኑን ልከፍት ነው የሮጥኩት፤ በእውነት ለዚያ ነው። ማሽኑ ክፍት ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም አልኩ። የዘርትሁንን ቁልፍ ጣቴ ለምዶታል። ሰረዝኩ። ከዚያ ቁልፉ… እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ቁም ሳጥኑ አልከፈት አለኝ።»

«መድኃኒቱን ቢያስቀድሙ ይድኑ ነበር?» አሉ አባባ ሰሎሞን ወደ ድምጿ ፊታቸውን አዙረው።

ፊልሞና የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

---

የተጠሩት ፖሊሶች ሲስተር ፊልሞናን ይዘው ሲወጡ ኢንስፔክተር ጉደታ ቢሮው በር ላይ ቆመ።

«ያልተዘጋው ስም አልገደላቸውም፣ ወይዘሮ አስረሳሽ። ይህን እንዲያውቁልኝ ነው።»

አስረሳሽ «ነገ» የተጻፈበትን ደብተር ዘጋች።

«ዘግቼው ቢሆን ኖሮስ?» አለች። «ሲስተር በገዛ ስሟ ልትሰርዘው አትደፍርም ነበር። ያን ጊዜ እጇ የሚሄደው ወዴት ነበር? ወደ ቁም ሳጥኑ ብቻ።»

ሽማግሌው መርማሪ ሊያጽናናት ይችል ነበር፤ ግን ሰው አታሎ የማጽናናት ልማድ አልነበረውም።

«ደህና መርማሪ ይወጣዎት ነበር» አለና ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ጉሙ ወጣ።

ጌድዮን መዝገቡን ለፖሊስ ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ ወንበሩን ለቀቀላት። የዘርትሁን ስም ወጣ፤ ፎቶዋም እየሳቀች። አስረሳሽ ምልክቷን አነሳች። ምንም ነገር አልጠፋም፤ ፎቶው ብቻ ደብዘዝ አለ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ያን ጊዜ ነው አልቅሳ አልቅሳ የወጣላት።

ቅዳሜ ሲግናል ክፍሉ እንደተለመደው ሞቅ ብሏል። ጌድዮን ሰሌዳው ላይ ሥዕል ስሎ፣ ለማን ምን ዓይነት ቁልፍ እንደሚሰጥ ያስረዳል። «ግልጽ ነው?» ሲል አሥራ ስድስት ወጣት ራሱን ነቀነቀ። አስረሳሽም ልትነቀንቅ ነበር፤ አንገቷ ጀምሮት ነበር። ደብተሯ ላይ በራሷ እጅ የተጻፈው ሰባት ጊዜ «ነገ» ዓይኗ ሥር ነው።

እጇን አወጣች።

«እሺ፣ እትዬ አስረሳሽ?»

«አልገባኝም» አለች። ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ እጇን ግን አላወረደችም። «ከመጀመሪያው ይደገምልኝ።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። ከጎኗ ያለችው ልጅ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «ለእኔም» አለች ቀስ ብላ።